ለጉም አቤት አይባልም

አሰላ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅዮን፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ሉክሰምበርግ ድረስ ይግባ። እኔ ከጉልበቴና ካንቺ ሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። ሰኔ ገብቶ አሰላ በጭቃ ተለውሳለች። ባጃጆቹ እኛ ሰፈር አንወጣም ብለዋል፤ ባለጋሪዎቹም የልብ ልብ ተሰምቷቸው እንደ ሚኒስትር ይለመናሉ።

ስልክ ለምን እንደማላነሣ ጠይቀሽኛል። አትቀየሚኝ ልጄ። የወንድሜን የመርሻን ሞት የነገሩኝ በስልክ ነው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጀመሩ፣ ቀጥለው አስተርጓሚ ፈለጉ፣ አስተርጓሚው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ያ ነገር ሲጮህ እጄ አይታዘዘኝም። ስለዚህ እንዲህ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን አንሥቼ እልክልሻለሁ፤ አንቺም በጽሑፍ መልሺልኝ። ከመርሻ ጋር የሠራሽ ልጅ ስለሆንሽ ባላይሽም እንደማውቅሽ ነው የምቆጥረው።

በዛብህ የሚባል ጠበቃ መጥቶ ነበር ወይ ላልሽው፣ መጥቷል። ከአዲስ አበባ፣ በትልቅ መኪና፣ በነጭ ጫማ። በሰኔ፣ አሰላ፣ ነጭ ጫማ። ጎረቤቴ አፀደ በአጥሩ ቀዳዳ አይታው «እታገኘሁ፣ በስተርጅና ሽማግሌ ተላከብሽ? ደግሞ ምነው አንድ ብቻውን?» ብላ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ሰውዬው ትሑት ነው፤ አልዋሽም። ነገሩን እንደ ልጅ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። እናንተ ሠርታችሁ ሰማይ ላይ የሰቀላችሁት፣ መርሻ በተራራችን ስም «ጭላሎ» ያለው ቴሌስኮፕ ባለቤቱ አልለይ ብሏል። የሠራው ኩባንያ ከሰረ፤ ባንኩ ለሌላ ኩባንያ ሸጠው። የገዛው ኩባንያ «ሞቷል፣ ቦታ ይዞብኛል፣ አውርጄ አየር ላይ ላቃጥለው» ይላል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ «መስተዋቱን ያሠራነው እኛ ነን፤ አልሞተም፣ ተኝቷል» ይላሉ። ጉዳዩን የያዘችው ዳኛ መሐል ላይ ተቀምጣለች። የሚታዘዝበት ፕሮግራም ግን በውሉ መሠረት የመርሻ የግሉ ነበር፤ እሱ ሲሞት ለወራሹ ለእኔ ዞሯል። ስለዚህ በዛብህን የላከው የገዛው ኩባንያ ለማቃጠል ፊርማዬን ይፈልጋል።

«ከፈረሙልን» አለኝ በዛብህ፣ «የወንድምዎን አስከሬን እኛ አሰላ ድረስ እናመጣልዎታለን።»

ፅዮኔ፣ ይህን ስሰማ የያዝኩትን ትሪ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። መርሻ እዚያ ማዶ ከተቀበረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሰው ሁሉ ወደየመቃብሩ ሲሄድ እኔ መሄጃ የለኝም። አመሻሹ ላይ ሰማዩ ከጠራ ግን ጭላሎ በብቅል ፋብሪካው በኩል ብቅ ብሎ ቀስ እያለ በላያችን ያልፋል፤ መቼ እንደሚያልፍ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። ቀና ብዬ እሳለመዋለሁ። የወንድሜ መቃብር ብዬ የያዝኩት እሱን ነው። አሁን «ያንን እናቃጥልና ይሄኛውን እንስጥሽ» አሉኝ።

አልፈረምኩም። አልፈርምም ብዬም አልማልኩም።

አንድ ወሬ ልጨምርልሽ። ጢቾ ያለችውን የአባቴን እርሻ የሚያርስልን ጉቱ ባለፈው መጥቶ «አዴ፣ እታጉ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ምነው?»

«ወላሂ፣ ተራራው ላይ ጉም ውስጥ ሰው ይጠራል። እታጉ ይላል፤ ቆይቶ እታጉ ይላል፤ ከዚያ ዝም። መንገድ የጠፋው መስሎኝ ፈለግኩ። ሰው የለም።»

ለጉቱ አላውቅም አልኩት። ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ እታጉ ብሎ የሚጠራኝ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እታገኘሁ ወልደ ጊዮርጊስ


ሉክሰምበርግ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እታገኘሁ፣

ጉልበትዎን እግዜር ይማርልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው፤ ሰው እንዳያየኝ ደረጃው ሥር ሆኜ አነበብኩት።

እስካሁን ይቅርታ ያልጠየቅሁዎት ነገር አለ። ኩባንያው የፈረሰ ሰሞን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሳጥን ተሸክመን ወጣን። በዚያው ሰሞን ሲቀበር የመርሻን ሳጥን የሚሸከም ግን አልተገኘም። እኔም አልተገኘሁም። ይቅር ይበሉኝ።

ስለ በዛብህ ቃል በሐቅ ልንገርዎ። በዛብህ አልዋሸዎትም። ቢፈርሙ እንዳለው ያመጡታል። ቴሌስኮፑም እንዳለው ይቃጠላል።

ቴሌስኮፑ በሕይወት አለ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አላውቅም። መርሻ በሞተ በአርባው ዕለት ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ የቀጠሩን ጥቂት ሰዎች በየማክሰኞው ጠዋት በስሙ እንጠራዋለን። አንዴ እንጠራና እናዳምጣለን፤ ደግመን እንጠራና እናዳምጣለን። ካልመለሰ «ሁሉን ትተህ ከመጀመሪያው ተነሣ» የሚል ከባድ ትእዛዝ ልከን እንበተናለን። የሥራ ደንባችን እንደዚያ ነው። ዳኛዋ ክረምቱ ሳይወጣ ትወስናለች። የማይመልስ ቴሌስኮፕ በሕጉ ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ቁርጥራጭ ከሆነ ደግሞ የገዛው ኩባንያ እንዳሻው ያደርገዋል። ሕያው ከሆነ የዩኒቨርሲቲዎቹ ነው።

እባክዎ ጥቂት ይታገሡኝ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጉቱ ያንን ድምፅ የሰማው በየትኛው ቀን ነው? ለምን እንደምጠይቅዎ አሁን አልጽፍም።

ልጅዎ ፅዮን


አሰላ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅዮን፣

ይቅርታ ያልሽው ነገር ከእኔ ዘንድ የለም፤ ካንቺ ዘንድም ይውጣ። አንቺን የሚያህል ልጅ ምን ሳጥን ይሸከማል።

ጉቱ «ማክሰኞ ነው» ይላል። ላሙን ለሐኪም የወሰደበት ቀን ስለሆነ አይሳሳትም። ለምን እንደጠየቅሽኝም ገብቶኛል። ምክንያቱም ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ እኔም ሰማሁ።

ጠዋት ነው። ከተራራው የወረደው ጉም አስፋልቱን ተሻግሮ ግቢዬን ሞልቶታል። የአፀደ ዶሮ ስትንጫጫ እሰማለሁ፤ ዶሮዋም አትታየኝ፣ አጥሩም አይታየኝ። እርጥብ ልብስ ላነሣ ገመዱ ሥር ቆሜ ሳለ «እታጉ» አለኝ። ቅርብ አይደለም፤ ሩቅም አይደለም። መርሻ ተማሪ ሳለ ደብተሩን ረስቶ ከመንገድ ሲመለስ፣ ጭቃ እግሩን ይዞ እንዳይገባ ከበር ሆኖ የሚጠራኝ ድምፅ ነው። ቆየና ደገመው። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሦስተኛ ይላል ብዬ ስጠብቅ አንድ ከባድ ነገር እንደ በር ድርግም አለ፤ ከዚያ ዝም።

አፀደ በአጥሩ በኩል «ሰማሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እኔ እንጃ። አንቺን ነው የጠራው፤ እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ» ብላ ገባች። አፀደ ወሬ ሳታጣራ ቤቷ ስትገባ ሳይ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ለምን አቤት አላልሽም ትይኝ ይሆናል። አንቺ ያደግሽው አዳማ ነው፤ የአዳማ ሰው ጉምን በቴሌቪዥን ነው የሚያውቀው። እኛ ዘንድ ለጉም አቤት አይባልም። ጉም ውስጥ ስምሽ ከተጠራ አንደኛውን ዝም፣ ሁለተኛውን ዝም፣ አቤት የሚባለው በሦስተኛው ነው። ሰው ከሆነና ጉዳይ ካለው ሦስተኛ ይጠራል። ያ ሌላው ግን ትዕግሥት የለውም፤ ከሁለት አያልፍም። በመጀመሪያው አቤት ያለ ሰው መንገዱ ይጠፋበታል ይባላል። አባታችን እንዲህ ነው ያሳደጉን።

መርሻማ ይዞት ትምህርት ቤት ገባ። ጉም በወረደ ጠዋት መምህር እንደሻው ስም ሲጠሩ «መርሻ ወልደ ጊዮርጊስ» ይላሉ፤ ዝም። «መርሻ ወልደ ጊዮርጊስ»፤ ዝም። ፊታቸው ተቀምጦ እኮ ነው። «ቀሪ» ብለው ይጽፉና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አባታችን ተጠርተው ሄዱና «መምህር፣ ምናለ አንዴ ቢጨምሩ? ልጁ እኮ አለ» አሏቸው። መምህር እንደሻውም «እኔ ስም ጠሪ ነኝ እንጂ ለማኝ አይደለሁም» ብለው መለሱ። ሰፈሩ ሁሉ መርሻን «ቀሪው» ይለው ነበር። አባቴ ግን ይስቁና «ምን አለበት፤ የሌለም ቀሪ ነው፣ ሌላው ሲሄድ የሚተርፍም ቀሪ ነው» ይሉ ነበር።

ይኸው ደብዳቤዬ በወሬ አለቀ። ጉንፋን እንዳይዝሽ።

እታገኘሁ


ሉክሰምበርግ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ «ጉም» የሚለው ላይ ስደርስ ቆሜ ቀረሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

መርሻ በጻፈው ፕሮግራም ውስጥ አንድ ክፍል አለ፤ በላቲን ፊደል «ጉም» ተብሎ ተሰይሟል። እዚህ ያሉት ሰዎች በእንግሊዝኛ «ገም» ብለው አንብበው ማስቲካ ነው አሉ። መርሻ ቀልደኛ ነበርና «ማስቲካ እያኘከ የጻፈው ነው» ብለው ሳቁበት፤ ለማንም የማይጠቅም ቅጥያ መስሏቸው ማንም አልመረመረውም። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፈረንጅ ይሳቅ፤ እኔን ምን ነካኝ እትዬ? አማርኛ አፌን የፈታሁበት ነው። በእነሱ ፊደል ስላየሁት በእነሱ ጆሮ ሰማሁት።

ሌሊቱን አላስፈጀኝም፤ ከፍቼ ሳነብበው እርስዎ የጻፉልኝ ሁሉ እዚያ አለ። ቴሌስኮፑ ኃይሉ ሲደክምና አካባቢውን መለየት ሲያቅተው ጉም ውስጥ ይገባል። ጉም ውስጥ ሳለ ያዳምጣል እንጂ አይመልስም። አንደኛውን ያልፋል፤ ሁለተኛውን ያልፋል፤ በሦስተኛው ይመልሳል። እኛ ግን ከሁለተኛው በኋላ ያንን ከባድ ትእዛዝ እየላክን ቆጠራውን እናፈርስበት ነበር። ይኼን ያህል ጊዜ ደጁ ቆመን ሁለቴ እየጠራን፣ ሦስተኛውን ሲጠብቅ በሩን ፊቱ ላይ እየዘጋን ሄደናል። እርስዎ «እንደ በር ድርግም አለ» ያሉትን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ስለሱ ለማንም አልተናገርኩም።

ለዳኛዋ አመለከትን። የገዛው ኩባንያ ተቃወመ፤ «ፕሮግራሙ የሟች ነው፤ ያለ ወራሽ ፈቃድ በዚያ መንገድ መጥራት አይቻልም» አለ። ዳኛዋም ተቀበለችው። ስለዚህ ነገሩ በእርስዎ እጅ ነው። የፈቃድ ወረቀቱን ልኬያለሁ። ከፈረሙ ነሐሴ 6 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስቴ እንጠራዋለን። ዕድሉ አንድ ብቻ ነው። ያን ቀን ካልመለሰ ሞቷል ተብሎ ይፈረዳል።

ልደብቅዎ አልፈልግም፣ የእኔን ከፈረሙ የበዛብህ ቃል ይቀራል። አስከሬኑ አይመጣም።

ይፈርሙልኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ፅዮን


አሰላ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅዮን፣

ዝም ስልሽ የከረምኩት ተቀይሜ አይደለም። ያንቺና የበዛብህ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቶ፣ በነሱ ዙሪያ ምሳ እየበላሁ ነበር። ያንቺን ብፈርምና ባይመልስስ? አጥንቱም አይመጣ፣ ሰማዩም ይቃጠል። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ መቅበር ነው።

ባለፈው ሐሙስ በዛብህ መጣ። ጫማው ቡኒ ሆኗል፤ አገሩን እየለመደ ነው። ቆሎ አቀረብኩለት፤ አልነካውም። ዳር ዳር ሲል ቆየና «እትዬ፣ ሰማይ ላይ ያለው እኮ ብረት ነው» አለኝ።

«መሬት ውስጥ ያለውስ?»

«እሱማ ወንድምዎ ነው።»

«ስሜን የሚጠራኝ የትኛው ነው ታዲያ?»

ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ዓይኑ ሲርስ አይቻለሁ። እናቱን ያስታወሰ መሰለኝ። «እስከ ሰኞ ያስቡበት» ብሎ ተነሣ።

ወደ በሩ ስሸኘው ጉሙ ከላይ ሰፈር እየተንከባለለ መጥቶ መኪናውን ዋጠው። አፀደም ከአጥሯ ማዶ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ «በዛብህ» አለ። የመርሻ አይደለም፤ የማንም አይደለም። እንደ አስተናጋጅ ትሕትና ያለው ድምፅ ነው።

«አቤት» አለ በዛብህ። በመጀመሪያው።

እኔና አፀደ ተያየን። «ማን ነው የጠራኝ?» ብሎ ዞረ። ማንም የለም። አፀደ «ግባና ትንሽ አረፍ በል የኔ ልጅ፤ ይኼ ነገር ይለፍ» አለችው። ሳቀባት። «ሾፌር ይሆናል፣ ማዘር» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ሾፌር አልነበረውም፤ ራሱ ነው እየነዳ የመጣው። የመኪናውን ድምፅ ወደ አዳማ መንገድ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ሲሄድ ሰማሁት።

ያንቺን ወረቀት ፈርሜያለሁ። ፎቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ ዋናውን በመንገደኛ እልካለሁ። አፀደ ለምን እንደፈረምኩ ጠይቃኝ «ዝም በይ» ብያታለሁ። ላንቺ ግን ልንገርሽ። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ሁለት ጊዜ ዝም ብዬዋለሁ። ሦስተኛውን ሳልጠብቅ እኔም እንደ መምህር እንደሻው ቀሪ ብዬ ልፈርምበት?

እታገኘሁ


ሉክሰምበርግ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

መለሰ።

ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ነገሩ ግን እንዳሰብነው አይደለም፤ ለዚህ ነው የምጽፍልዎ።

ማክሰኞ ጠዋት ከፍርድ ቤት የተላከች ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች፤ የገዛው ኩባንያ መሐንዲስ ከኋላዬ ቆሟል። አንደኛውን ጠራን፤ ዝም። ሁለተኛውን ጠራን፤ ዝም። ከሦስተኛው በፊት መጠበቅ ያለብንን ያህል እየጠበቅን ነው። እጄ ቁልፉ ላይ ነው። አልተጫንኩትም። እትዬ፣ በእናቴ ስም እምልልዎታለሁ፣ አልተጫንኩትም። በዚያ መሐል «ጭላሎ፣ አለሁ» የሚለው ምልክት መጣ።

ከኋላዬ ያለው መሐንዲስ «ሦስተኛውን ማን ጠራው?» አለ። ሁሉንም መረመርን። ከእኛ የወጣው ሁለት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ግን ሦስት ቆጥሯል።

ይኼ ብቻ አይደለም። እንደመለሰ፣ ማንም ሳያዘው፣ ፊቱን ወደ ምድር አዞረ። ከዋክብት እንዲያይ የተሠራ ነው፤ ወደ ታች አይቶ አያውቅም። አዞረና አንድ ፎቶ አነሣ። ፎቶው ነጭ ነው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ፤ ሌላ ምንም የለበትም። አሁን የገዛው ኩባንያ «መልሷል፤ ግን ታውሯል። ዕውር ቴሌስኮፕ ቁርጥራጭ ነው» ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ አንድ ፎቶ ብቻ ጨምሩ ብላለች። ያም ነጭ ከሆነ ይቃጠላል።

በአዲስ አበባ የነበረው ጠበቃቸው ደግሞ ጉዳዩን ትቷል አሉን። በዛብህ ምን ሆኖ ነው?

እና እትዬ፣ ማክሰኞ ጠዋት እርስዎ ምን እያደረጉ ነበር?

ፅዮን


አሰላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅዮን፣

ከበዛብህ ልጀምር፤ የኔው ይቆይ። በሕይወት አለ። በማግስቱ ጉቱ ነው ያገኘው፤ ጢቾ፣ ከእርሻችን በላይ፣ የመኪናው ሞተር እንደተነሣ፣ እሱ መሪውን ይዞ ቁጭ ብሎ። «ወዴት ነው?» ሲለው «ጠርተውኝ ነው» ብሎታል። መኪናው መንገድ በሌለበት እዚያ እንዴት እንደወጣ ጉቱም አልገባውም። ወንድሙ መጥቶ ወሰደው። ደህና ነው ይላሉ፤ ብቻ ስሙን ስትጠሪው ዞር አይልም አሉ። እግዜር ይርዳው።

አሁን ወደ ማክሰኞ። ያን ቀን እንደምትጠሩት አውቅ ስለነበር ከጠዋቱ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ጉሙ መጣ። እንዲያ ያለ ጉም አይቼ አላውቅም፤ የዘረጋሁት እጄ አልታየኝም። «እታጉ» አለኝ፤ ዝም አልኩ። «እታጉ» አለኝ፤ ዝም አልኩ። ሦስተኛውን እጠብቃለሁ። አይመጣም። ያ በር ግን አልተዘጋም። ጉሙ ውስጥ የሆነ ሰው ትንፋሹን ይዞ ቆሞ እንደሚጠብቅ ይሰማኛል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መርሻም እኮ ያደገው እኔ ባደግኩበት ቤት ነው። እሱም ጉም ውስጥ ነው። ሁለቴ ተጠርቷል፤ ሦስተኛውን ይጠብቃል። እኔም ሦስተኛውን እጠብቃለሁ። ሁለታችንም የአባታችንን ቃል ይዘን፣ አንዳችን ሌላችንን ስንጠብቅ እስከ ምጽአት ልንቆም ነው። ታላቅ ደግሞ እኔ ነኝ። ልጅ ሳለ ጉም ሲይዘው ወጥቼ የምጠራው እኔ ነበርኩ።

«መርሻ» አልኩ። ጮክ ብዬም አይደለም። ለእራት እንደሚጠራ ሰው።

«አቤት» አለ።

ጆሮሽ ነው ካልሽኝ አፀደን ጠይቂ። ባልዲዋን ለቃ ገብታ በሯን ከቆለፈችበት ገና ዛሬ ነው የከፈተችው።

እንግዲህ ሦስተኛውን ማን ጠራው ላለው መሐንዲስ ንገሪው፤ ካልፈለግሽም አትንገሪው። ፎቶውን በተመለከተ ግን ለዳኛዋ ንገሪልኝ፣ ቴሌስኮፑ አልታወረም። ሰው ሲጠራ ወደጠራው ዞሮ አያይም? ዞሮ ወደ እኔ ነው ያየው። ነጩ ጉሙ ነው። ያን ጠዋት አሰላ ላይ ጉም ነበር ወይስ አልነበረም፣ የዕለቱን የአየር ሁኔታ መዝገብ አስመጥታ ትይ።

አሁን አታስነሺው። መስከረም ይጥባ። ሰማዩ ሲጠራና ቀኑን ስትነግሪኝ እኔ ነጭ ነጠላ ለብሼ ግቢዬ ውስጥ ቁጭ እላለሁ። ያን ጊዜ የሚታይ ነገር ያገኛል።

እታገኘሁ


ሉክሰምበርግ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ እታገኘሁ፣

እንኳን አደረስዎ። ማክሰኞ የተነሣው ፎቶ ደርሷል፤ ዳኛዋም ዛሬ ወሰነች። ሕያው ነው ተብሏል። አይቃጠልም። ቴሌስኮፑ የዩኒቨርሲቲዎቹ ሆኗል፤ ፕሮግራሙ ግን የእርስዎ ነው፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንም አይጠራውም። የዚያን ጠዋት የአየር ሁኔታ ማስረጃም ቀርቧል፤ አሰላ ላይ ጉም ነበር። የገዛው ኩባንያ መሐንዲስ ሊጨብጠኝ መጥቶ «ያ ማስቲካ ምን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ስቆ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

ፎቶው ጥርት ያለ ነው። ብቅል ፋብሪካው፣ አስፋልቱ፣ የጋሪ ፈረሶቹ ጥላ ሳይቀር ይታያል። ግቢዎን አገኘሁት፤ ልብስ የሚያሰጡበት ገመድ አለ። እርስዎም አሉ፤ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ ሆነው።

ከዚህ በታች አንድ ጥያቄ ጽፌልዎ ነበር። ሰርዤዋለሁ። ፎቶውን ለዳኛዋ ያቀረብኩት በፋብሪካው በኩል ያለውን ብቻ ቆርጬ ነው። ምናልባት ለገና ስመጣ እጠይቅዎት ይሆናል። ምናልባትም አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ ፅዮን


አሰላ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለፅዮን፣

ደስታዬን በወረቀት አልችለውም፤ ለገና ስትመጪ ታይዋለሽ። ለአፀደ «ሰማይ ላይ ርስት አለኝ» ብያት ሰፈሩን አዳርሳዋለች፤ አሁን የገብስ ነጋዴው ሳይቀር ለዝናብ ጉዳይ እኔን ይጠይቀኛል። አጥንቱ ካለበት ይረፍ፤ እኔ መሄጃ አግኝቻለሁ። ትናንት አመሻሽ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ከወትሮው የዘገየ መሰለኝ፤ ሰው በደጅ ሲያልፍ ቀስ እንደሚለው።

ጉሙ ፎቶው ከተነሣበት ማክሰኞ ወዲህ አልወረደም። ጉቱም ተራራው ጸጥ ብሏል ይላል።

የሰረዝሽውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ስለተውሽው ተባረኪ። ያን ቀን ግቢ ውስጥ ሁለት ወንበር ያወጣሁት እኔው ነኝ። አንዱ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ባለው ላይ ምን እንዳየሽ ግን አትንገሪኝ ልጄ፤ እኔም እስኪመሽ ድረስ ዞር ብዬ አላየሁም።

እታጉ